ጭንቅላቷን የያዝሁት እኔ ነኝ

ልጄ ታደለች በተወለደች በሦስተኛው ቀን የጠባችው ወተት በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። የመጀመሪያው ምልክት ይኸው ነበር። ባለቤቴ እናኑ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና እንደገና ወደ ጡቷ አስጠጋቻት። እንደገና ወጣ። ትን አላት፤ ፊቷ ጠቆረ፤ ከዚያ አስነጠሳትና አለቀሰች። እኔ ከአልጋው አጠገብ ቆሜ "ጠግባ ነው" አልሁ።

ጠግባ አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠባ ትቆይና ከጡት ስትነሳ በረሃብ ታለቅሳለች። ከንፈሯ ሙሉ ነው፤ ፊቷም ምንም እንከን የለበትም። ላንቃዋ ግን ክፍት ነበር፤ ክፍተቱ ከውስጥ፣ በስተኋላ ስለሆነ ፈልገው ካላዩት አይታይም። አፏን ከፍቶ በባትሪ ያየላት ሰው አልነበረም። እኔም አላየሁም።

ዳባት ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ላንቃው ክፍት ሆኖ የተወለደ ልጅ ላላችሁ ወላጆች ነው። የሚያሳፍረኝን እየዘለልሁ ብጽፍ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ግን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ዘልዬ ጽፌአለሁ፤ ያም ምን እንዳመጣ እዚሁ ታነቡታላችሁ።

እናቴ አራስ ልትጠይቅ ከጃናሞራ የመጣችው ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሲሞላት ነው። ያን ጊዜ ታደለች ከተወለደችበት ክብደት ቀንሳለች። እናቴ ልጅቷ ስትጠባ ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ምርመራዋን ጨረሰች።

"እንጥሏ ወርዷል፣ ልጄ" አለችኝ። "አንተንስ በሰባተኛው ቀን አይደል ያስቆረጥሁህ? ያኔ ባይቆረጥ አንቆ ይገድልህ ነበር።"

በእኛ አገር ሕፃን ካሳለው፣ ትን ካለውና ጡት እንቢ ካለ ጥፋተኛው እንጥል ነው። መድኃኒቱም ማስቆረጥ ነው። የእኔም ተቆርጧል፤ የወንድሞቼም፣ የእናኑም። ደህና ሆነን ስላደግን ሁላችንም ለቆራጩ ምስክር ነን። በዚያው ሳምንት ግን እኔ ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ "ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች" የሚል ርእስ ጽፌ ከሥሩ ደርድሬ ነበር፦ ግርዛት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ። ተማሪዎቼ ገልብጠዋል። ለፈተና እንደሚወጣም ነግሬአቸዋለሁ።

ለእናቴ "አይሆንም" ያልኋት ሁለት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ታደለች ጭራሽ ጡት መያዝ አቃታት። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት ሲመጣ ትምህርቴ ከላዬ ላይ እንደ ካፖርት ወለቀ፤ ከሥር የቀረው የእናቴ ልጅ ነው።

አያ ፈንቴን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ እንጥል መቁረጥ ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው፤ ለዚህ ብለው ከሰው ገንዘብ አይቀበሉም። በገበያ ቀን አግኝቻቸው ይዣቸው መጣሁ። በፊት ለፊት በር ግን አላስገባኋቸውም። የግቢያችንን የፊት ቤት ተከራይታ የምትኖረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በጓሮ በኩል፣ በባሕር ዛፉ ሥር አሳልፌ አስገባኋቸው። አያችሁ፣ ሳላደርገው ነው ያፈርሁት። ካፈርሁ መተው ነበረብኝ።

አፏን በማንኪያ እጀታ ከፈቱ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሏት።

"ሁለት ነው" አሉ። "እንጥሏ ሁለት ነው። እንዲህ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም።"

ሁለት አልነበረም። አንዱ እንጥል ነው ለሁለት የተሰነጠቀው፤ የተሰነጠቀ እንጥል ደግሞ ላንቃው ክፍት እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት ነው። የባዮሎጂው መምህር ይህን አላወቀም።

"ሁለቱንም?" አሉኝ።

"ሁለቱንም።"

እናኑ ወደ ውጭ ወጣች። እናቴ የልጅቷን እግር ያዘች። ጭንቅላቷን የያዝሁት እኔ ነኝ።

ደሙ እስከ ማታ አልቆመም። ወተቱም በአፍንጫዋ መውጣቱን አልተወም። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ማልቀስ አቆመች። ያን ጊዜ ነው ታቅፈናት ወደ ጤና ጣቢያ የሮጥነው።

ጤና መኮንኑ ወጣት ነው። ምላሷን በእንጨት ተጭኖ በባትሪ አየ፤ ደጋግሞ አየ። "ላንቃዋ ክፍት ነው" አለን። "ክሌፍት ፓሌት ይባላል። አብሯት የተወለደ ነው እንጂ በእናንተ ጥፋት የመጣ አይደለም። በኦፕሬሽን ይስተካከላል።" ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "እዚህ ላይ ግን የመረቀዘ ቁስል አለ። ምን ነክቷት ነው?"

"ማንኪያ" አልሁ። "ውኃ ስንሰጣት ማንኪያው ወጋት።"

ጻፈው። "በማንኪያ የደረሰ ጉዳት።" እናኑ አየችኝና ዝም አለች። ስለ ዝምታዋ በልቤ አመሰገንኋት። ያ ወረቀት ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድንበት ሁሉ አብሮን ሄደ፤ ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጠ በየሐኪሙ እጅ ገባ።

በመርፌ ኢንፌክሽኑ ተሻላት። እንዴት እንደምንመግባት ያሳየን ያው ወጣት ነው። እናንተም ስለሚጠቅማችሁ በደንብ ልንገራችሁ። ሕፃኗን አጋድማችሁ አታጥቧት፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት። ጡቱን በንጹሕ ኩባያ አልባችሁ በትንሽ ማንኪያ በጉንጯ በኩል ቀስ እያላችሁ ስጧት፤ ቶሎ ቶሎ አስገሷት። ጊዜ ይፈጃል። እናኑ አንዱን ምግብ ስትጨርስ የሚቀጥለው ሰዓት ይደርስ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ግን ጉንጯ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመጠበቅ ናቸው። ጎንደር በነፃ የሚሠሩ ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል ይዘናት ወረድን፤ ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሎ ሳልም ስለነበራት "ይሻላትና በሚቀጥለው ዙር" ተባልን። የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ፤ እንደገና ተዘጋ። በዚህ መካከል ጆሮዋ መግል ማፍሰስ ጀመረ፤ ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅ ጆሮው ቶሎ እንደሚታመም ያወቅነው ያኔ ነው። አፍ መፍታቷም ዘገየ፤ ስትፈታም አየሩ በአፍንጫዋ እየሾለከ ፊደሉ ሁሉ ልል ይሆንባት ነበር። ስሟን ሲጠይቋት "ናነለች" ትላለች። የሰፈር ልጆች ስሟ ይኸው ይመስል በዚሁ ይጠሯት ጀመር። አራት ዓመት ሲሞላት ስሟን መናገር ተወች። ሲጠይቋት ወደ እኔ ትጠቁማለች፤ እኔ እመልስላታለሁ።

አምስት ዓመቷ ላይ ከጎንደር የመጣው ምላሽ አጭር ነበር፦ የላንቃዋ የኋላ ክፍል ጠባሳ ስላለው እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ልዩ ሐኪም ይያት። ኦፕሬሽኑ ራሱ ብዙ የሚያስከፍል አይደለም። ከባዱ የቀረው ነው፦ የአውሮፕላኑ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ለወራት የምንከራየው ቤት፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ንግግር የሚያስተምራት ባለሙያ። በመምህር ደመወዝ የሚሞከር አልነበረም።

ነገሩን ያነሳው ይርጋ ነው። ድሮ ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ አሁን ደባርቅ ላይ ባጃጅ ይነዳል። "ቲቸር፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እናውጣው" አለኝ። "አንተ ጽሑፉን ጻፍ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው። ግን ፎቶ ያስፈልጋል። አፏን ከፍታ።"

ታደለች አፏን አልከፍትም አለች። ካሜራውን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ትሸፍናለች። ለመንኋት። ከረሜላ ገዛሁላት። መጨረሻ ላይ አገጯን በአንድ እጄ፣ ማጅራቷን በሌላው ይዤ ወደ ብርሃኑ አዘነበልኋት፤ ይርጋ አነሳ። እንባዋ በፎቶው ላይ ይታያል። "እንባው ጥሩ ነው፤ ሰው ያዝናል" አለ ይርጋ፤ ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ማልቀሷ ጠቅሞናል። ይህን ስጽፍ አሁንም አንገቴን እደፋለሁ።

ጽሑፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በሰፊው አልጠቅሰውም፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ግን ይህ ነው፦ "ታደለች ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ ከተፈጥሮ በቀር እጁን ያሳረፈባት የለም።" የመጀመሪያው ግማሽ ስለ ላንቃዋ እውነት ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ማንም አልጠየቀኝም። በራሴ ፈቃድ ጨመርሁት።

ሰው ደግ ነው። የደባርቅ ባጃጅ ነጂዎች የአንድ ቀን ሥራቸውን ሰጡ። ወደ ስሜን ተራራ ቱሪስት የሚያጅቡና በቅሎ የሚጭኑ ሰዎች፣ ራሳቸው ሥራ ከፈቱ የቆዩ፣ በኮፍያ እየሰበሰቡ ላኩ። አዲ አርቃይ ያለ የማላውቀው ነጋዴ ስሙን ሳይጽፍ አስገባ። ከጽሑፉ ሥር የሚጻፈውን ይርጋ እያነበበ ያሰማኛል። አንዲት የድሮ ተማሪዬ እንዲህ ብላ ነበር፦ "እንጥል ማስቆረጥ ጎጂ እንደሆነ ያስተማሩን መምህራችን ናቸው። እርሳቸውን ሰምቼ የልጄን አላስቆረጥሁም። ዛሬ ለልጃቸው የአቅሜን አስገብቻለሁ።"

ይርጋ ይህን ያነበበልኝ ደስ እንዲለኝ ነው። ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ተነስቼ ወጣሁና ጓሮ ቆምሁ።

ገንዘቡ ሊሞላ ሲቃረብ አያ ፈንቴ ቤታችን መጡ። ሙክት በግ እየጎተቱ ነው የመጡት። "ሽጣችሁ ጨምሩበት" አሉ። ቡና አልጠጣም አሉ፤ ቁጭም አላሉም። በጉን ከግንዱ ጋር ሲያስሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

"መምህር፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ። ያኔ የነካኋት ነገር ይሆን እንዲህ ያደረጋት?"

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ከፍተውት ነበር።

"አይ፣ አያ" አልኋቸው። "የተወለደችበት ነው።"

"ተመስገን" አሉ። "እንቅልፍ አጥቼ ነበር የሰነበትሁት።" መርቀውን ሄዱ። ሙያቸውንም ቀጠሉ፤ ምክንያቱም አንድ መምህር ምንም አላጠፉም ብሏቸዋል።

አዲስ አበባ የተቀበሉን ሐኪም ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ካርዱን አነበቡ። አፏን አዩ። እንደገና ካርዱን አነበቡ።

"ማንኪያ እንዲህ ዓይነት ጠባሳ አይተውም" አሉ። "የዚህች ልጅ እንጥል በቦታው የለም። ተነክታለች?"

"ማንኪያ ነው" አልሁ። ለስድስተኛ ይሁን ለሰባተኛ ጊዜ።

"ዶክተር" አለች እናኑ። አምስት ዓመት ሙሉ በየሆስፒታሉ ስንዞር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። "እንጥሏን አስቆርጠናል። የአንድ ወር ልጅ እያለች። እሱ ያፍራል። እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልሁት። ልጄ ግን በእኛ ሐፍረት አትበላሽብኝ።"

ሐኪሙ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቷቸውን አነሱና ካርዱ ላይ "ማንኪያ" የሚለውን ሰርዘው ከላዩ ጻፉ። ከዚያ አስረዱን። "የኋለኛው ሥጋ ተቆርጦ ስለደረቀ አጥሯል። ክፍተቱን ብቻ ብሰፋው ይዘጋል፤ ድምፁ ግን በአፍንጫዋ መውጣቱን አይተውም፤ እናንተም ኦፕሬሽኑ አልተሳካም ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ከጉሮሮዋ ጀርባ ሥጋ አንስቼ ከላንቃዋ ጋር አያይዘዋለሁ። ፋሪንጂያል ፍላፕ ይባላል።" ቀጥለውም፣ "ደም የሚሰጡ ዘመዶች ይኑሩ። እናትየው ባትነግረኝ ኖሮ ሳልዘጋጅ ነበር የምገባው" አሉ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የሸሸግሁት የራሴን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ሊቀርባት የነበረው ግን ልጄ ናት።

ጠዋት ወሰዷት። ሰመመን ሰጪዋ እስከ በሩ ድረስ እጇን እንድይዝ ፈቀደችልኝ። ከበሩ ወዲያ አልተፈቀደም። ሦስት ሰዓት ቆየን። ሦስት ሰዓት ተኩል። እናኑ ትጸልያለች። እኔ አልቻልሁም። የጀመርሁት ጸሎት ሁሉ "እኔ ነኝ" የሚለው ላይ ይቆማል።

ሐኪሙ ወጡ። "ተዘግቷል" አሉ። "ደህና ናት።"

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና አብዛኛውም መልካም ነው። እጇን ወደ አፏ እንዳታስገባ ክርኗን በካርቶን አስረውላት እንደ ትንሽ ፖሊስ እጇን ዘርግታ በኮሪደሩ ስትንጎራደድ ነርሶቹ ሁሉ ይስቁላት ነበር፤ ለሦስት ሳምንት የገብስ አጥሚት፣ ሾርባና ወተት ብቻ እየሰጠናት፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ አፏን በንጹሕ ውኃ እያጠብን፣ ስፌቱ ቀስ በቀስ ሲሽር አየን። ወተቱ በአፍንጫዋ አልወጣም። እናኑ ይህን ለማመን ስለከበዳት አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶውን አፍንጫ በመሐረብ ስትጠርግ ከረመች። ታደለች ማታ ማንኮራፋት ጀመረች፤ ደንግጠን ስንጠይቅ ከተያያዘው ሥጋ የተነሳ እንደሆነና እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ትንፋሿ ከተቆራረጠ ግን ቶሎ እንድናመጣት ነገሩን። ከፊት በኩል አንዲት ቀዳዳ፣ ፊስቱላ ይሏታል፣ ቀርታለች፤ ውኃ በጥድፊያ ስትጠጣ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል።

ኦፕሬሽን ላንቃውን ይዘጋል እንጂ ንግግር አያስተምርም። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም። የንግግር ባለሙያዋ ከአፍንጫዋ ሥር ትንሽ መስታወት ይዛ "ታ" በይ ትላታለች፤ መስታወቱ ጉም ከለበሰ አየሩ ሾልኳል ማለት ነው። "በአፍሽ፣ የኔ ቆንጆ፣ በአፍሽ ብቻ።" ዳባት ከተመለስን በኋላም በየቀኑ ቀጠልን፤ የገብስ ገለባ መዳፏ ላይ አድርጋ እፍ ትላለች፤ ጧፍ ታጠፋለች፤ አፍንጫዋን በእኔ ጣቶች አስይዛ "ዳ፣ ዳ፣ ዳ" እያለች ግቢውን ትዞራለች። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ቀን እቃ ልትገዛ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ "ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት" አለችን። "ማን አልሽው?" አለቻት እናኑ። "ታደለች" አለች፤ ሌላ ምን ልበል የምትል ይመስል።

በዚያው ሰሞን ይርጋ ደወለ። ለለገሰው ሰው ምስጋና እንለጥፍ፣ አዲሱን ፎቶ ላክልኝ አለ። እሺ ብዬ ወረቀት አወጣሁ፤ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። "ለእግዚአብሔር የነገርኸውን እርሱ ድሮም ያውቀዋል" አሉኝ። "የማያውቁት ሰዎቹ ናቸው። ቀኖናህ እሱ ነው።"

መጀመሪያ የነገርሁት ለታደለች ነው። ከሌላ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ ሕፃን ሳለች አንድ ሰው ጉሮሮዋ ውስጥ ያለውን እንጥሏን እንደቆረጠ፣ ያስጠራሁትም የያዝኋትም እኔ እንደሆንሁ፣ ስሕተት እንደነበረ ነገርኋት።

"አለቀስሁ?" አለችኝ።

"አለቀስሽ።"

"አንተስ ለቀቅኸኝ?"

"አልለቀቅሁሽም።"

ገመድ ዝላይዋን ይዛ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ይቅርታ አድርጋልኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ እያደገች ስትሄድ የምታስብበት ነገር ነው።

ቀጥዬ አያ ፈንቴ ዘንድ ሄድሁ። አውድማ ላይ አገኘኋቸው። ላንቃዋ የተወለደችበት እንደሆነ፣ መቁረጡ ግን ሥጋውን አሳጥሮ ኦፕሬሽኑን እንዳከበደው፣ ይህንንም እያወቅሁ እንደዋሸኋቸው ነገርኋቸው። መንሹን አስቀመጡ።

"ጠይቄህ ነበር" አሉ። ወደ ክምሩ ዞረውም፣ "ከዚያ ወዲህ ስንቱን ነካሁ" አሉ።

ሙያውን እንደተዉ ሰዎች ይነግሩኛል። የበጉን ነገር ማንሳት አፍሬ ሳላነሳው ተመለስሁ።

ለይርጋ ጽሑፉን ስልክለት ወዲያው ደወለ። "ቲቸር፣ ይሄን ከለጠፍን ሰው ይሰድበናል እኮ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ምን ያደርጋል?"

"አንተንም አስዋሽቼሃለሁ፣ ይርጋ። ለጥፈው። ያንን ስታለቅስ የሚያሳየውን ፎቶዋንም አጥፋልኝ።"

ለጠፈው። ተሰደብሁ። "መምህር ተብዬ" ያለኝ አለ፤ የሰጠሁትን መልስልኝ ያለም አንድ ሰው ነበር፤ መለስሁለት። የልጇን ያላስቆረጠችው ተማሪዬ ምንም አልጻፈችም። የእርሷ ዝምታ ከስድቡ ሁሉ ባሰብኝ። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ርእስ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አራተኛው ላይ ስደርስ ጠመኔውን አስቀምጬ ለተማሪዎቼ የሆነውን ነገርኋቸው። አንዱ "ለፈተና ይወጣል?" አለኝ። ሳልፈልግ ሳቅሁ።

ምስጋናዬ ለሰጣችሁ ሁሉ ነው፤ ግማሽ እውነት ሰምታችሁ ሙሉ ልብ ለሰጣችሁ። ለሐኪሙ፣ በመስታወት ላስተማረቻት ባለሙያ፣ ለይርጋ። ከሁሉ በላይ በዚያ ክፍል ውስጥ አፏን ለከፈተችው ለእናኑ።

ለወላጆች የምለው ጥቂት ነው። ሕፃኑ ወተት በአፍንጫው ከመለሰ አፉን በባትሪ እዩ፤ ወይም የሚያይ ሰው ዘንድ ውሰዱት። እንጥሉን አታስነኩ። ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት በነፃ የሚሠራ እንዳለ ጠይቁ፤ አለ። መሰብሰብ ካለባችሁም የልጃችሁን እንባ አትለጥፉ፤ ነገ ያድጋል፤ ያየዋል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደግሞ ያደረጋችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ሐፍረት ይታገሡታል እንጂ አይሞቱበትም።

ባለፈው ወር ከታደለች ጋር ጆሮዋን አሳይተን ከደባርቅ በሚኒባስ ስንመለስ አጠገባችን አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣ ነበር። ያዘለችው ልጅ ይስላል። ሰው ሳይጠይቃት ለእኔ ትነግረኛለች፦ እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ዳባት የሚቆርጡ አዋቂ አሉ ተብላ እየሄደች ነው። ልመልስላት ጉሮሮዬን ስጠርግ ታደለች ቀደመችኝ።

"አታስቆርጪው" አለቻት። "ላንቃዬ ክፍት ነበር፤ እኔን አስቆርጠውኝ ባሰብኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ተሰፋሁ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴን የያዘኝ አባቴ ነው።"

እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ወጣ። ለዚያ ድምፅ ነበር ስንት ሰው ያዋጣው፤ ለዚያ ነበር ገለባ እፍ ስትል የከረመችው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ፤ ደስታው ይሁን ሐፍረቱ መለየት አልቻልሁም።

"እውነቷን ነው?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"እውነቷን ነው" አልሁ።

ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ፊቷ አዙራ አቀፈችው። ዳባት ስንደርስ ጤና ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ታደለች ቀድማ መለሰችላት።